በግድ የተሰጠ ፀጉር

ሃያ ሺህ ሰው ፊት ቆማ ስትዘፍን ያልመጣባት ፍርሃት ኦብዱሊያን በስድሳ አንድ ዓመቷ በእናቷ ማድ ቤት ውስጥ አገኛት። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ ከምድጃው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ምድጃው ትመላለሳለች። ቀትር ላይ በማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ቆማ በትውልድ መንደሯ በቶሬሞራል የእመቤታችንን በዓል በንግግር የምትከፍተው እሷ ናት። መንደሩ በየዓመቱ ከልጆቹ መካከል ውጭ ወጥቶ ስም ያገኘውን እየጠራ ይህን ክብር ይሰጣል። አምና የጠሩት አንድ ብስክሌት ጋላቢ ነበር፣ ካቻምና ደግሞ አንድ የጥርስ ሐኪም። የጥርስ ሐኪም እንኳን ተጠርቷል። ከታክሲ ሾፌር እስከ ሚኒስትር ዘፈኗን በቃሉ የሚያውቅላትን ኦብዱሊያን ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያያት አልነበረም።

እናቷ ሂላሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ የሶፋ ትራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ስፒል ትሰካለች። ሰካች፣ ነቀለች፣ መልሳ ሰካች። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ስፒሉ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ግን መንቀጥቀጡ ለአፍታ ይቆማል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትለማመድ ነው የሰነበተችው።

«ብይ እንጂ» አለቻት፣ ቀና ሳትል። «ዳቦው ደረቀ።»

«ሆዴ ተገለባብጧል እማዬ።»

«ራስሽን ተላጭተሽ በቴሌቪዥን ስትጮሂ ያልተገለባበጠ ሆድ ዛሬ ወረቀት ለማንበብ ይገለባበጣል?»

ኦብዱሊያ ሳቀች። እናቷ ለምን ስፒል እንደምትለማመድ ታውቃለች። ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ በር ይዘጋና የእመቤታችን ማኅበር ሴቶች ለብቻቸው ሆነው የእመቤታችንን ምስል ለነገው ዑደት ያለብሳሉ። ወንድ አይገባም፣ ቄሱም ቢሆን። ቀሚሱ፣ እጅጌው፣ መጎናጸፊያው፣ ካባው፣ ሁሉም በስድሳ ስፒል ነው የሚያያዘው። ሂላሪያ ድሮ ለአሥራ አራት ዓመት ዋናዋ አልባሽ ነበረች፤ ከዚያ ክብር ከተባረረች አርባ አንድ ዓመት ሆኗታል። ዘንድሮ ግን ከንቲባዋ ሴቶቹን ስትለማመጥ ከርማ፣ ልጅቷ በሰገነቱ ላይ መልካም ነገር ከተናገረች እናቷን ለአንድ ቀን እንመልሳታለን እስከማለት አድርሳቸዋለች። አንድ ቀን። ሂላሪያ ከዚህ ዓለም የቀራት ምኞት ይሄ ነው፣ እሱም ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ በልጇ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

የሆነው እንዲህ ነው። የቶሬሞራል እመቤታችን ምስሏ ከእንጨት ነው፣ ፀጉሯ ግን የሰው ነው። ከከባድ በሽታ የተረፈች ልጃገረድ ፀጉሯን አሳድጋ፣ አስቆርጣ ትሰጣለች፤ ሴቶቹ ሹሩባ ሠርተው በምስሏ ራስ ላይ ይደፉታል። ኦብዱሊያን በአሥር ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛትና ሐኪሙ ተስፋ ቆረጠ፣ እሷ ግን ተረፈች። በዓመቱ እስከ ወገቧ የሚወርደው ፀጉሯ ተቆረጠ፤ እመቤታችንም ያንን ፀጉር ለብሳ ዘጠኝ ዓመት በጎዳናው ዞረች።

ከዚያ ኦብዱሊያ ማድሪድ ሄደች። አገሩን ለዓመታት በጡጫ የገዛው ጄኔራል ከሞተ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከተማው ውስጥ ጊታር መያዝ የቻለ ሁሉ ምድር ቤት ተከራይቶ የሚጮህበት ጊዜ ነበር። ከሦስት የከተማ ልጆች ጋር ባንድ አቋቋመች፣ የመድረክ ስሟንም ቲኛ አለችው፣ የራስ ቆረቆር ማለት ነው። እናትና አባት ካወጡላት ስም ይሄኛው ይሻላል ብላ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሲሆናቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ይላሉ። አንድ ቀን ከበሮ መቺው ከቦርሳዋ የወደቀ የእመቤታችንን ፎቶ አንስቶ «ይሄ ፀጉር የማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። «የኔ» አለች። ልጆቹ ተያዩ። በዓይናቸው ውስጥ ገጠሬነቷን አየች፣ አፈረችም። «እናቴ በግድ ቆርጣው ነው» አለች። «እያለቀስኩ።»

ውሸት ነበር። ፀጉሩን የተሳለችው ራሷ ኦብዱሊያ ናት፣ እዚያው በሽተኛ አልጋዋ ላይ ሆና። እናቷ የተሳለችው ጧፍ ነበር። ልጅቷ ዓመት ሙሉ ስትነዘንዛት ቆይታ ነው ሂላሪያ መቀሱን ያነሳችው፣ ሲቆረጥም ያለቀሰችው እናትየዋ እንጂ ልጅቷ አልነበረችም። ልጅቷማ በኩራት አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። ግን ለሦስት የከተማ ጎረምሶች ሲባል የተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር በሳምንቱ ዘፈን ሆነች። «ፀጉሬን መልሺ» ነበር የሚለው። ኦብዱሊያ ራሷን ተላጭታ፣ ቀሚሷን ቀድዳ፣ ቅዳሜ ምሽት በመንግሥት ቴሌቪዥን ላይ ወጣችና እመቤታችንን ፀጉሬን መልሺ አለቻት፣ እናቷንም መቀስ ይዛ ያሳደደቻት ጨካኝ አድርጋ ዘፈነቻት። አገሩ ግማሹ ተሳደበ፣ ግማሹ ጨፈረ። በማግስቱ እሁድ የማኅበሩ ሴቶች ፀጉሩን ከምስሉ ራስ ላይ አውርደው፣ በዱቄት ከረጢት አድርገው ሂላሪያ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው የኦብዱሊያ ሕይወት በጋዜጣ ያለ ነው። ባንዱ በአራት ዓመቱ ተጣልቶ ተበተነ። እሷ ፀጉሯን አሳድጋ፣ ከንፈሯን ቀብታ ወደ ፖፕ ዞረች፤ በየመንደሩ በዓል፣ በየሰርጉ፣ በየባሕር ዳርቻው የሚዘፈነውን የበጋ ዘፈን አወጣች። በጩኸቱ ዘመን የወደዷት ፓንኮች ከሃዲ አሏት፣ እሷ ቤት ገዛች። ከዚያ ዘፈን መጣ፣ ሄደ፣ ባል መጣ፣ ሄደ፣ የቴሌቪዥን ውድድር ዳኛ ሆነች፣ የእርጎ ማስታወቂያ ሠራች፣ ከዚያ ማንም የማይደውልላት ዘመን መጣ። አምስት ዓመት ሙሉ ስልኳ ዝም አለ። ያዳናት ያው የመጀመሪያው ዘፈን ነው። ገና ያልተወለዱ ልጆች አድገው አገኙትና ሴት ልጅ ለራሷ አካል የጮኸችው ጩኸት አሉት። ዘጋቢ ፊልም ተሠራ፤ መቀስ የያዘች ተዋናይት እናቷን ሆና ተጫወተች። በጥቅምት ወር ደግሞ በዘፈኑ ስም የተሰየመ የስድስት ከተማ ጉዞ ሊጀመር ትኬቱ እየተሸጠ ነው።

ሂላሪያ ፊልሙን አይታዋለች። አስተያየቷ «ሴትዮዋ መቀስ አያያዝ አታውቅም» ብቻ ነበር። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ነገር ለልጇ አንድ ቀን እንኳን ትንፍሽ አላለችም። ኦብዱሊያም በየገናው እየመጣች፣ ስጦታ እየቆለለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ወሬ ታወራ ነበር። ሁለቱም ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት በደንብ ያውቁበታል።

ሥራ አስኪያጇ ፋኩንዶ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ።

«ቲኛዬ፣ ስሚኝ። ንግግሩን አሳጥሪ። መጨረሻ ላይ ያለ ሙዚቃ አንድ ስንኝ ልቀቂላቸው፣ ፀጉሬን መልሺን። ስልክ ያልያዘ የለም፣ ማታውኑ አገር ያየዋል።»

«እዚህ አሮጊቶች አሉ ፋኩንዶ። እናቴ አለች።»

«ይኑሩ። ብቻ ንስሐ ምናምን ውስጥ እንዳትገቢ። ሰዉ ትኬት የቆረጠው ለተናደደች ሴት ነው፣ ለተፀፀተች ሴት ማንም አይከፍልም።»

ስልኩን ዘጋች። ወረቀቷን እንደገና አነበበችው። «በወጣትነቴ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ» ይላል። ጥሩ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ፋኩንዶም አይቆጣም፣ አሮጊቶቹም ይረካሉ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች።

ከንቲባዋ ኖኤሊያ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የከንቲባነት ሪባኗን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠቅልላዋለች።

«እርስዎን እዚህ ማድ ቤት ውስጥ ማየቴን እስካሁን አላምንም» አለች።

«አንቺ በይኝ፣ ሳትጨምሪብኝም አርጅቻለሁ።»

«እሺ፣ አንቺ። የስልኬ ጥሪ እኮ ያንቺ ዘፈን ነው። በምክር ቤት ስብሰባ መሃል ሲጮህ የተቃዋሚው ወገን ጥርሱን ያፋጫል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ዶሚቲላ እሺ ብላለች፣ ግን ዛሬም ፊቷ አልተፈታም። ንግግሩን ሰምተን ነው የምንወስነው ትላለች። ሄደሽ ብታናግሪያት አይከፋም።»

ዶሚቲላ የማኅበሩ እናት ናት፣ ከሂላሪያ በአምስት ዓመት ታንሳለች፣ ጉልበቷ ግን የሁለት ሰው ነው። ኦብዱሊያ ስታገኛት በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ካባውን በወፍራም ጨርቅ ላይ ዘርግታ በካውያ ትተኩሳለች። ሰላምታዋን በአገጯ ተቀበለችና ሥራዋን ቀጠለች።

«እትዬ ዶሚቲላ፣ ዛሬ በሰገነቱ ላይ ስለ ዘፈኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስቀድሜ እንድታውቂው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ዘፈኑ?» ዶሚቲላ ካውያውን አቆመችው። «ስለ ዘፈኑ ነው የመሰለሽ? አይ ልጄ። ወንድ ልጄ ሰርጉ ላይ ጨፍሮበታል። እመቤታችን ከዚያ የባሰ ስድብ ሰምታ ታውቃለች፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ጥለዋት ነበር እኮ፣ ወጥታ ስቃላቸዋለች።»

«ታዲያ እናቴን ያባረራችኋት ለምንድነው?»

«በግድ የተሰጠ ስለት ስለት አይደለም፣ ስርቆት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእመቤታችን አናት ላይ የተሰረቀ ፀጉር ደፍተን፣ ከፊቷ ተንበርክከን ስንለምን ኖርን። ይሄን ያደረገችብን ሂላሪያ ናት። የምታለቅስ ልጅ አስሮ የሸለተ እጅ እንዴት አድርጎ የእመቤታችንን ልብስ ይነካል?» ካውያውን መልሳ አነሳችው። «ለአንድ ቀን እሺ ያልኩት ስላረጀች ነው። አንቺ አሳምረሽ ከተናገርሽ ሴቶቹም ይራሩላት ይሆናል። እኔ ግን እውነቴን ነው የምልሽ፣ ልቤ አላመነም።»

ኦብዱሊያ ቆማ ቀረች። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እናቷ የተባረረችው በልጇ ብልግና መስሏት ነበር። ብልግናው አልነበረም። ውሸቱ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ለማስመሰል ብላ የተናገረቻት ያቺ ትንሽ ዓረፍተ ነገር ናት እናቷን ከዚህ ጓዳ ያስወጣቻት። አፏን ከፈተች። ሦስት ቃል ብቻ ነበር መናገር የነበረባት፤ ምላሷ ግን ተሳሰረ። ስድስቱ ከተሞች፣ ፊልሙ፣ ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ መጮህ የጀመረው ስልክ፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ተደረደሩ።

«ካባው ያምራል» አለች በመጨረሻ።

«ሁልጊዜም ያምራል» አለች ዶሚቲላ።

በጓሮ በር ወጥታ ግንቡን ተደገፈች። እግሬ አውጪኝ ብላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ማድሪድ ልትመለስ አስባ ነበር፣ አልዋሽም፤ ቁልፉንም ከቦርሳዋ አውጥታ ነበር። ግን መኪናዋ የቆመው እናቷ ደጃፍ ላይ ነው፤ በመስኮቱ ስታይ ሂላሪያ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሲቀረው ለመሄድ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ኦብዱሊያ ቁልፉን መለሰችው።

አደባባዩ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ሞላ። የወጣት ማኅበራቱ በየቀለማቸው ካናቴራ ለብሰው፣ የወይን ጠጅ በባልዲ ይዘው፣ በውኃ ሽጉጥ እየተራጩ ገቡ። የአንደኛው ማኅበር ልጆች ካናቴራ ላይ ራሷን የተላጨች የሃያ ዓመት ልጅ ፎቶ ታትሟል፣ እሷው ናት። ከፊት፣ ልክ ከሰገነቱ ሥር፣ የእመቤታችን ማኅበር ሴቶች በጥቁር ልብስ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሂላሪያን ከዳር አስቀምጠዋታል፣ በእሷና በሚቀጥለው ወንበር መካከል ሌላ ወንበር የሚያህል ክፍተት ትተው።

ርችት ተተኮሰ። ኖኤሊያ ጥቂት ቃል ተናግራ ማይክሮፎኑን ሰጠቻት፤ ይህን ጊዜ ልጆቹ ጀመሩ።

«ፀጉሬን መልሺ! ፀጉሬን መልሺ!»

ጭብጨባው በየመስኮቱ ተስተጋባ። የማኅበሩ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ዶሚቲላ ወደ ላይ አየቻት፣ ዓይኗ «እንግዲህ እንይሽ» የሚል ይመስላል።  ኦብዱሊያ ወረቀቱን ዘርግታ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው ቀልድ። ሳቁላት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ ዓይኗ እናቷ ላይ አረፈ። ሂላሪያ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ እንዳይንቀጠቀጥ አንዱን በሌላው ጨብጣ ይዛዋለች።

ኦብዱሊያ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች። «ዘፈኑ ውሸት ነው።»

ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ጮኹ። እጇን አነሳች።

«እየቀለድኩ አይደለም። እናቴ ፀጉሬን በግድ አልቆረጠችውም። የተሳልኩት እኔ ነኝ። ቁረጪልኝ ብዬ ዓመት ሙሉ የነዘነዝኳት እኔ ነኝ፣ ሲቆረጥ ያለቀሰችው ደግሞ እሷ ናት። ማድሪድ ሄጄ የዋሸሁት አፍሬ ነው። ከገጠር መምጣቴን አፍሬ። በዚያ ውሸት አርባ ዓመት እንጀራ በላሁበት። ፀጉሩ ንጹሕ ስለት ነበር። ይሄን ነው ልነግራችሁ የመጣሁት።»

 ከኋላ አንድ የውኃ ሽጉጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ሁሉም ስልክ ወደ እሷ ዞሯል። ኦብዱሊያን ቀለል አላት፤ አለቀ፣ አለች በልቧ፣ ይበሉኝ፣ አለቀ።

ዶሚቲላ ከወንበሯ ተነሳች። ማይክሮፎን የማያስፈልገው ድምፅ አላት።

«አትዋሺ ልጄ። እናትሽን መውደድሽ ደግ ነው፣ ግን ለእመቤታችን በዓል አትዋሺ። ያኔ አባ ላዲስላኦ ሂላሪያን ጠርቶ በሁላችን ፊት ጠይቋታል። ልጅቷን አስገድደሻታል ወይ ብሎ። ‹አዎ፣ አስገድጃታለሁ› ያለችው ራሷ ናት። እኔ እዚያው ነበርኩ። እዚህ ከተቀመጥነው አራታችን እዚያ ነበርን።»

ሌሎቹ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦብዱሊያ ይህን ጨርሶ አታውቅም ነበር። ወደ እናቷ አየች፤ ሰዉም ሁሉ ወደዚያው ዞረ። ስልኮቹም ዞሩ። ሂላሪያ ቦርሳዋን ክፍተት በተተወበት ቦታ አስቀምጣ፣ የወንበሩን ጀርባ ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። ኖኤሊያ ከሰገነቱ ዘንበል ብላ «እማማ ሂላሪያ፣ የትኛው ነው እውነቱ?» አለቻት በለሆሳስ፣ ማይክሮፎኑ ግን ለአደባባዩ ሁሉ አሰማው።

በይ እማዬ፣ አለች ኦብዱሊያ በልቧ። ዛሬ በይው። ልጄ ዋሽታ ነው በያቸውና ይለቅ። እጇ የሰገነቱን ብረት እስኪያማት ጨብጦታል።

ሂላሪያ ወደ ላይ ወደ ልጇ አየች። ከዚያ የልጇን የሃያ ዓመት ፊት ደረታቸው ላይ ወደለበሱት ልጆች ዞረች፣ አንድ በአንድም አየቻቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ዶሚቲላ መለሰች።

«አስገድጃታለሁ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ስታለቅስ ነበር። ያኔም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ልጄ ደግ ናት፣ እኔን ለማዳን ብላ ነው። አትፍረዱባት።»

ተቀመጠች፣ ቦርሳዋንም አንስታ ጭኗ ላይ መለሰችው።

ጭብጨባው ከዳር ጀመረ። እናቷን ለማዳን ስትል ራሷን ውሸታም ያደረገች ልጅ! ልጆቹ አለቀሱ፣ ተቃቀፉ፣ ከዚያ መዝፈን ጀመሩ፤ መላ አደባባዩ በአንድ ድምፅ ፀጉሬን መልሺ አለ። ኦብዱሊያ ማይክሮፎኑ ላይ «አይደለም፣ ስሙኝ፣ እሷ ናት የምትዋሸው» ብላ ጮኸች፤ ማንም አልሰማትም፣ ኖኤሊያም እያለቀሰች አቀፈቻት። የመንደሩ ባንድ መታ፣ ርችቱ ተደጋገመ። በዓሉ ተከፈተ።

ፋኩንዶ የላከውን መልእክት ማድ ቤት ገብታ ነው ያየችው። «ሊቅ ነሽ። በርሴሎና ትኬት አለቀ» ይላል። ስልኩን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከሹካዎቹ ጋር ወረወረችው።

ሂላሪያ ሰማያዊ ቀሚሷን ሳታወልቅ ሽርጧን ከላይ ደርባ የምስር ሾርባ ታሞቃለች።

«ለምን?» አለቻት ኦብዱሊያ። «እማዬ፣ ለምን?»

«ተቀመጪ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።»

«እመቤታችንን ልታለብሻት ነበር እኮ፣ አሁን ግን አይጠሩሽም። እውነቱን ተናግሬልሽ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረሽ።»

«ምን ብዬ ልናገር? ልጄ አርባ ዓመት ስትዋሽ ኖረች ብዬ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«እውነቱ እሱ ነዋ!»

«እውነቱን እኔ አውቀዋለሁ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እመቤታችንም ታውቀዋለች፣ ያኔም ታውቀው ነበር።» ሾርባውን ቀዳችላትና ከፊቷ ተቀመጠች። «ያኔ አባ ላዲስላኦ ሲጠይቀኝ፣ አይደለም ብል ከተማው ሁሉ ውሸታም ሊልሽ ነው ብዬ አሰብኩ። ሃያ ዓመትሽ ነበር፤ የሚቆምልሽ ሰው ማድሪድ ውስጥ አልነበረም። ዛሬም ያው ነው። እኔ ልጅ አለኝ፣ ኦብዱሊያ። አንቺ ያለሽ ያ ዘፈን ብቻ ነው። እሱን ወስጄብሽ ምን ይዘሽ ልትኖሪ?»

 ኦብዱሊያ ማንኪያውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ሂላሪያም ሳታባብላት እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። የቤተ ክርስቲያኑ ከባድ በር ሲዘጋ ማድ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ሂላሪያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ጣቶቿ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያዙ።

«አሁን የአምናውን እያወለቁ ነው» አለች። ጥቂት ቆየችና፣ «አሁን የግራ እጅጌዋን። ዶሚቲላ ሁልጊዜ ታጠብቀዋለች፣ ክንዷ ይታነቃል።»

ኦብዱሊያ ወንበሯን ስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። በሩ እስኪከፈት ድረስ ሂላሪያ ከመጀመሪያው እስከ ስድሳኛው ስፒል እየጠራች እመቤታችንን በቃሏ አለበሰቻት፣ ልጇም አንድም ቃል ሳታስገባ ሰማቻት።